የሐጂ አብዱራህማን ሻወር

ሐጂ አብዱራህማን ልጃቸው ፈርሂያ ከጅዳ ተመልሳ ባሠራችላቸው ሻወር ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጀርባቸውን የፈላ ውሃ ልጦታል፤ ሲሸሹ ተንሸራተው ጭንቅላታቸው ከሲሚንቶው ጋር ተጋጭቷል። መካነ ሰላም ከተማ ወሬ አይቸግራትምና አስከሬኑ ሳይገነዝ ገዳዩ ታወቀ ተባለ፦ ቧንቧውን የገጠመው ፈንታሁን። የሟች ልጅ አህመድ ከሶ አሳሰረው።

ኢንስፔክተር ትህትና እንዲህ ቶሎ የተገኘ ገዳይ አይዋጥላትም። መጀመሪያ ወደ እስረኛው ሄደች።

«ፓምፑ የሚገፋው ቀዝቃዛውን ብቻ ነው» አላት ፈንታሁን። «ሙቁ ከጣሪያው ታንከር በቦይለሩ አልፎ በራሱ ይወርዳል። ግፊታቸው እንዲመጣጠን ሁለቱንም ፓምፑ ይግፋቸው ብዬ ነበር፤ ሐጂ ግን ቦይለሩ አሮጌ ነው፣ አይችልም አሉ። እንግዲያው ፓምፑን ከማጥፋታችሁ በፊት ሙቁን ዝጉ ብዬ ለአህመድ ነግሬዋለሁ። እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያሳድጋል?»

ሐጂ ቤት ስትደርስ አህመድ በበኩሉ ሳይጠየቅም ይናገራል።

«የዓስር፣ የከሰዓቱ ሶላት አዛን እያለ ነበር። ውጪ በር ላይ ሆኜ የአባዬን ጩኸት ሰማሁ። ስገባ ፓምፑ ይሠራል፣ ሁለቱም ቧንቧ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ወላሂ፣ የገጣሚው ጥፋት ነው።»

«እህትህስ?»

«ወጥ ቤት ነበረች፤ ምንም አላየችም። ሐዘን ላይ ናት፣ እባክዎ አይጠይቋት።»

ትህትና ፓምፑን አስነስታ ሁለቱንም ቧንቧ ከፈተች፤ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ከዚያ አብሯት የመጣውን ፖሊስ ሻወር ቤት አስገብታ «ጩህ» አለችውና ወደ ውጪ በር ወጣች።

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ፈንታሁንም በካቴና መጣ።

«ፓምፑ እየሠራ ሁለቱም ቢከፈቱ የሚወርደው ለብ ያለ ውሃ ነው» አለች። «ሐጂን ያቃጠላቸው ቀዝቃዛው ድንገት ሲቆም ነው። ደግሞ ፓምፑ ያለው ከውጪ በሩ ሥር ነው። እየሠራ እዚያ የቆመ ሰው ጩኸት አይሰማም፤ እኔ አልሰማሁም። አህመድ ግን ሰምቷል። ስለዚህ ፓምፑ ጠፍቶ ነበር።»

«መብራት ሄዶ ይሆናል» አለ አህመድ።

«ጎረቤቶቹን ጠይቄያለሁ፤ አልሄደም። ፈርሂያ፣ በዚህ ቤት አዛን ሲል ምን ይደረጋል?»

«ቴሌቪዥኑም ፓምፑም ይጠፋል» አለች ፈርሂያ ቅር ሳይላት። «አባዬ በአዛን ላይ የሚጮህ ነገር አይወዱም። እኔም ያን ቀን...»

አልጨረሰችውም። አህመድ ዘሎ ተነሳ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት! እኔ ነኝ!»

«አንተ በር ላይ ነበርክ። ማጥፊያው ያለው ወጥ ቤት ነው።»

ፈርሂያ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታየው ጀመር። «እየታጠቡ እንደሆነ አውቅ ነበር። ውሃው ይቋረጣል፣ አዛኑ እስኪያልቅ ትንሽ ይታገሣሉ ብዬ ነው። ሙቁ ብቻውን እንደሚወርድ ማን ነገረኝ?»

«አልነገርኩሽም» አለ አህመድ እያለቀሰ። «ፈንታሁን ነግሮኝ ረሳሁት። ፓምፑን መልሼ ያስነሳሁት፣ እሱንም የከሰስኩት አንቺ እንዳታውቂ ብዬ ነው።»

ትህትና ካቴናውን አስፈታች። ፈርሂያን ያንን ጥያቄ ባልጠየቅኋት ብላ ተመኘች፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበራትም።

ፈርሂያ ተነስታ ፈንታሁን እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛት።

«አውፍ በለን፣ ጋሼ።»

«አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ።»

ያኔ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«እኔ አባታችንን የገደልኩት ሳላውቅ ነው» አለችው። «አንተ ግን እያወቅህ፣ ለእኔ ብለህ፣ የእሱን ልጆች አባት ልታሳጣ ነበር።»