የገመድ ጭፍራ ሕግ

ንጉሥ ኢዛር በነገሠ በሰባተኛው ዓመት በጎርዛን ምድር ውሾች መጮኽ ተዉ። ሌባ አጥር ሲዘል እያዩ ጅራታቸውን ወሸቁ፤ ዶሮም ሳይጮኽ ነጋ። ሽማግሌዎቹ «የማናውቀው ጉድ እየመጣ ነው» ብለው ማቅ ለበሱ። በሦስተኛው ቀን የመንግሥቱ ነጋሪት፣ ታላቁ ነጎድ፣ ከግምጃ ቤት ተሰረቀ።

ነጎድ ዝም ብሎ ከበሮ እንዳይመስላችሁ። የጠላታችን አገር የባልጭ ንግሥት ቀውዛ በጥንቆላ ያረባቻቸው ኹምባራ የሚባሉ አሞሮች ነበሩ፤ በሬ የሚያካክሉ፣ ዐይን የሌላቸው፣ ሳል ከሰሙበት ወርደው ሰውን ከነአጥንቱ የሚውጡ። እነሱን የሚገድላቸው የነጎድ ድምፅ ብቻ ነበር። ቀውዛ ይህን ስለምታውቅ ነጋሪቱን አሰርቃ፣ በገደሉ በኩል ሰው ወጥቶት በማያውቀው በሰቀቀን አምባ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያም አሞሮቿን በጎርዛን ላይ ለቀቀች። በአንድ ክረምት አራት አውራጃ ባዶ ቀረ።

የገመድ ጭፍራ የተመሠረተው ያኔ ነው። ስለዚህ ጭፍራ ብዙ ቅጥፈት ተወርቷል፤ እኔ ግን ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እላለሁ። መሥራቹ ራስ አልነበረም፣ ደጃዝማችም አልነበረም። ጓንጉል የሚባል፣ ገደል ላይ በገመድ እየተንጠለጠለ የዱር ማር የሚቆርጥ ሰው ነበር። ሠላሳ ማር ቆራጮች ሰበሰበ፤ ሦስት ሦስት አድርጎ በአንድ ገመድ አሰራቸው፤ ከዚያም ሕጉን አወጣ፦ «እጁ የከዳው ሰው ጓዶቹን ይዞ እንዳይወርድ ገመዱን በገዛ ቢላው ይቁረጥ። ሲወድቅ ድምፁ አይሰማ። ወድቆ ቢተርፍም አይጣራ፤ የአንዱ ጩኸት ኹምባራን በሁሉ ላይ ይጠራልና።» ምልምሎቹን ከዛፍ ላይ እየገፈተረ በዝምታ መውደቅን አስተማራቸው። ያቃሰተውን ወደ ቤቱ ሰደደው።

በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳዎቹ ሰባት የቀውዛ ምሽጎችን በገደል በኩል ገብተው አቃጠሉ። ይህን ጊዜ በቤተ መንግሥት ምቀኝነት ተነሣ። ፊታውራሪ ቢያድግልኝ፣ ከበቅሎ ለመውረድ እንኳ ሁለት ሰው የሚደግፈው ፊታውራሪ፣ «ጭፍራው ለእኔ ይሰጠኝ፤ ሠላሳውን ሦስት መቶ አደርገዋለሁ» አለ። ተሰጠው። ቀኝ ክንፍ፣ ግራ ክንፍ፣ ደጀን ብሎ ከፋፈለው፤ ለየክንፉ አለቃ፣ ለየአለቃው ምክትል ሾመ፤ ሁሉንም ቀይ ካባ አለበሳቸው። ጎረምሳው ካባውን እያየ ጎረፈ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። በሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ሰቀቀን አምባ ሰደዳቸው፤ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ አንዱ አለቃ በምክትሉ ላይ ተቆጣና ጮኸበት። በቃ። ኹምባራዎቹ ሲጠግቡ ከሦስት መቶው ዘጠኝ ሰው ተርፎ ነበር፤ ጓንጉልም እዚያው ተበላ። ፊታውራሪው ለደረሰበት ሐዘን መጽናኛ ደጃዝማች ተባለ፤ ጭፍራው ግን ፈረሰ።

ጓንጉል ሁለት ልጆች ነበሩት፤ ትርንጎና ታናሽ ወንድሟ ቸሬ። ሁለቱም ከተረፉት ዘጠኝ ውስጥ ናቸው። ትርንጎ በሃያ ሁለት ዓመቷ ዙፋኑ ፊት ቆማ እንዲህ ስትል ማለች፦ «ንጉሥ ሆይ፣ የአባቴን ጭፍራ አባቴ እንደሠራው አድርገው ይመልሱልኝ። ካባ አልሻም፣ ምክትልም አልሻም፤ ዘጠኝ ሰውና ሦስት ገመድ ይበቃኛል። ነጎድን ካላስተጋባሁ የሰቀቀን ገደል ይብላኝ፤ አጥንቴም አፈር አይቅመስ።» ንጉሡ ሌላ የሚልከው ሰው አልነበረውምና ፈቀደ።

እናታቸው ግን መሐላው አላስደነቃትም። ትርንጎን በር ላይ ይዛ «ገደሉ ባሌን በልቷል፤ ይበቃዋል። ቸሬን ይዘሽ ካልመጣሽ አንቺም አትምጪብኝ» አለቻት።

«አመጣዋለሁ፣ እማ።»

ቸሬ ሳቀ። «እኔ ፍየል ነኝ እንዴ የምትጎትተኝ? እኔ ነኝ እሷን የማመጣት።»

ጉም ገደሉን በሸፈነበት ጧት መውጣት ጀመሩ። በትርንጎ ገመድ ላይ እሷ ከላይ፣ ሐንዳሮ የሚባለው አሮጌ ማር ቆራጭ ከመካከል፣ ቸሬ ከታች ነበሩ። ኹምባራዎቹ በየስንጥቁ ተኝተዋል፤ ከአንዳንዶቹ አጠገብ ሲያልፉ የሬሳ ትንፋሻቸው ፊት ላይ ይመታል። ጫፉ ሊደረስ አርባ ክንድ ያህል ሲቀር ቸሬ የረገጠው ድንጋይ ተፈነቀለ።

ገመዱ ከበደ። ትርንጎ ጥፍሯ እስኪነቀል ድንጋዩን ጨበጠች። ሐንዳሮ ሁለት እግሩ ተንሸራቶ በአንድ እጁ ቀረ። ትርንጎ በልቧ «ቆይ፣ አትቁረጥ፣ እይዝሃለሁ» ትላለች፤ በአፏ ማለት ግን አትችልም። ከዚያ ገመዱ ቀለለ። ከታች ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ አንድም አሞራ አንገቱን አላነሣም። ትርንጎ ከንፈሯን ነክሳ መውጣቷን ቀጠለች።

አምባው ላይ ከጠባቂዎቹ ጋር በተደረገው ግጥሚያ አራት ጓዶቿ ወደቁ። አንዱ አንገቱ ተቆርጦ እንኳ ወደ ነጋሪቱ የሚወስደውን በር በሬሳው ዘግቶ ቀረ። ትርንጎ ደርሳ ነጎድን በደማ ቡጢዋ መታችው። ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ኹምባራዎቹም እንደ በሰለ ሾላ ከገደሉ ረገፉ። ከሥር ይጠብቅ የነበረው የንጉሡ ጦር በወዲያኛው ወገን ያለውን የአምባውን በር ሰብሮ ገባ። አምባው ላይ ያገኟትን ንግሥት ቀውዛን ከነዘውዷ ወደ ገደሉ ወረወሯት፤ እሷስ እየጮኸች ወረደች። ገና እኩለ ቀን እንኳ አልሆነም ነበር።

ትርንጎ ወዲያው ወርዳ የወንድሟን ሬሳ ልታነሣ ገመድ ስታዘጋጅ፣ ንጉሥ ኢዛር እጇን ያዘ። «ዛሬ በቀኜ ቆመሽ ሠራዊቱ ይይሽ። የሞተ ሰው አይሸሽም፤ ነገ ታነሺዋለሽ» አለ። ስለዚህ በሬ ታረደ፣ ፉከራው ቀለጠ፣ ሁለት ሺህ ሰው ስሟን እየጠራ ዘፈነ። እሷም ቆመች። ንጉሥ እምቢ አይባልም።

በማግስቱ ጧት ከሐንዳሮ ጋር ወረደች። ቸሬ ገመዱን ከቆረጠበት ቦታ አሥራ ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ፣ እንደ መደብ የወጣ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። ጭኑ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል። የቢላውን ማንገቻ ጠፍር አፉ ውስጥ ጨምሮ ነክሶ በጥሶታል። ከጎኑ ከላይ የወደቀ ኹምባራ ሞቶ ተዘርግቷል፤ እግሩን እንኳ አሞራው ክንፍ ላይ አሳርፎት ነበር።

ሐንዳሮ ደረቱን ዳሰሰና እጁን መለሰ። «ትኩስ ነው» አለ። «አሁን ነው የሞተው። ጎህ ሲቀድ በሕይወት ነበር።»

እንግዲህ ልብ በሉ። ነጎድ ሲመታ ሰምቷል። አሞሮቹ ሲረግፉ አይቷል፤ አንዱም አጠገቡ ወድቋል። ከላዩ ሁለት ሺህ ሰው ሲዘፍን አድምጧል። አንድ ጊዜ «እታለሜ» ቢል ያወጡት ነበር። ሕጉ ግን አይጣራ ይላል እንጂ እስከ መቼ እንደሆነ አይልም፤ ጓንጉል ዝምታው የሚጀምርበትን አውጆ የሚያበቃበትን ረሳ። ልጁም በተነገረው ላይ ከራሱ አልጨመረም። ሞኝ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ፊቴ እንዳይቆም።

ትርንጎ ሬሳውን ተሸክማ ቤት ደረሰች። እናትየዋ ገላውን ስትገልጥ የተነከሰውን ጠፍር አየችና «ተጣርቶ ነበር?» አለች።

«አልተጣራም።»

«ይህን ያስተማረውን የአባትሽን ነፍስ አይማራት» አለችና በሩን ዘጋችባት። እስክትሞት አልከፈተችላትም።

ንጉሡ ግን ደስታው ወሰን አጣ። ጭፍራው እንደገና እንዲቋቋም፣ የቸሬ ጭፍራ እንዲባል፣ ሦስት መቶ ሰው እንዲመለመልለት፣ ትርንጎም አለቃ እንድትሆን አዘዘ። እሷ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፦ «ንጉሥ ሆይ፣ ከሕጉ ሥር አንዲት ቃል ትግባ። ነጋሪቱ ሲመታ ዝምታው ያብቃ ትበል።»

«እንዲህ ያለ ሰው ያፈራ ሕግ አይነካም» አለ ንጉሡ። «አለቅነቱን ካልፈለግሽው ደጃዝማች ቢያድግልኝ አለ።»

ትርንጎ ሦስት መቶ ሬሳ ታያት። ተቀበለች።

በመሐላው ቀን ምልምሎቹ ሜዳው ላይ ተሰለፉ። ሕጉን አነበበችላቸው። ከዚያ፣ ንጉሡ እንዳትናገር ያዘዛትን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስለ ትኩሱ ደረት፣ ስለ ተበጠሰው ጠፍር፣ እናቷ ስለዘጋችው በር። «ወንድሜ የሞተው በከንቱ ነው» አለች። «እኔ ከላዩ ቆሜ ስሸለም ነው የሞተው። እናት ያለው ሰው አሁን ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ማንም ፈሪ አይለውም።» ይህን ስትል ይበተናሉ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር።

አንድም ሰው አልሄደም። ከፊት የቆመው ጎልማሳ እንባው እየወረደ ተንበረከከ፤ «እመቤቴ፣ እኛንም እንደ ቸሬ ያድርገን» አለ። ሦስት መቶውም ተንበርክከው ያንኑ ማሉ፤ አንዳንዱ ከመጓጓቱ የተነሣ ጠፍሩን ከወዲሁ ነክሶ ነበር። ወሬው አገር ለአገር ተዳረሰ፤ በማግስቱ ስድስት መቶ ሆነው መጡ።

ትርንጎ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ሦስት ሦስት አድርጋ በገመድ አሰረቻቸውና ወደ ገደሉ ወሰደቻቸው።