የቁጥር ሦስት አምቡላንስ የጉም መብራት

በዚያች ከተማ ጉም ሲወርድ እንደዋዛ አይወርድም። ውሻ የገዛ ጭራውን ፈልጎ ያጣል፤ ሰው በር ተሳስቶ የጎረቤቱን ቁርስ በልቶ አመስግኖ ይወጣል። እንዲህ ባለ ቦታ የመኪና መብራት የሚያውቅ ሰው ከሚኒስትር አያንስም። ፊውዝ ደግሞ ከፀሐይ በቀር ያልጠገነው መብራት አልነበረም፤ እሷንም ቢሆን የሚደርስ መሰላል አጥቶላት ነው።

ፊውዝ ያሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲናደድም ሲደሰትም ቦግ ብሎ ስለሚቃጠል። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ወሬው ከትከሻው የሰፋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። በሥራው ላይ ግን አንድ የማያወላዳ ሕግ ነበረው፦ መኪናው ላይ ያለውን ማብሪያ ሁሉ፣ የዝናብ መጥረጊያውን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ተጭኖ ሳይፈትሽ ቁልፍ ለባለቤቱ አይመልስም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቁጥር ሦስት አምቡላንስ ጋራዡ ገባች። ከመሪው ኋላ የወረደችው ጸጉሯን በእርሳስ የቋጠረች ጠይም ልጅ ነበረች። ፊውዝ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጨርቁ ከእጁ ይልቅ ቆሻሻ ነበር።

«ምን ልታዘዝዎት?»

«ምነው አንቱ አልከኝ፣ ጥርሴ ረገፈ እንዴ?» አለችና አንድ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የጉም መብራቶች ናቸው፤ ኤልኢዲ። በጉም ጊዜ ነጭ ሆነው መንገድ ያሳዩኛል። ድንገተኛ ጥሪ ሲኖር ደግሞ በቀይ ብልጭ ድርግም እያሉ ሰው መንገድ እንዲለቅ ያስጠነቅቃሉ። ባለፈው አንድ የጭነት መኪና ሳያየኝ በጣት ስፋት ነው ያለፈኝ። ከኋላዬ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች።»

ይህን ያወራችው እየሳቀች ነበር፤ ጣቶቿ ግን የካርቶኑን ጠርዝ ይቀዳድዱ ነበር። ፊውዝ ጣቶቿን አየ። ከዚያ ዓይኗን አየ። ያቺን ሰዓት ልቡ ላይ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ቢደገንበት ኖሮ መርፌው ተገንጥሎ ይበር ነበር።

«የስምሪት ኃላፊያችን፣ ይቺ ካማረች ስድስቱም አምቡላንሶች ይላኩለት ብሏል» አለች።

የመለዋወጫ ባንኮኒው ኋላ የተቀመጠችው ታላቅ እህቱ፣ እትዬ፣ ስድስት የሚለውን ስትሰማ አንገቷ በአንድ ክንድ ረዘመ።

ሥራው ተጀመረ። መብራቶቹን ከፊት መከላከያው ፓራውልት ላይ አሰረና ሽቦውን ስቦ ከመሪው ሥር ገባ። ልጅቷ ባትሪ ይዛ አበራችለት። የማስጠንቀቂያው ሽቦ የሚገናኘው ከድንገተኛው ማብሪያ ጋር ነው፤ ያ ሽቦ አረንጓዴ ሆኖ ነጭ መስመር አለው። ከጎኑ ተጣብቆ የተኛው የግራ ፍሬቻ ሽቦ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው። ፊውዝ ይህን በእንቅልፍ ልቡ ያውቀዋል።

«እንዴት እጅህ አይንቀጠቀጥም?» አለችው ጎንበስ ብላ። «እኔ መርፌ ሲወጉ ካየሁ ዓይኔን ነው የምጨፍነው።»

«የአምቡላንስ ሾፌር ሆነሽ?»

«እነዳለሁ እንጂ እወጋለሁ መቼ አልኩ?»

ፊውዝ ሳቀ፤ እየሳቀ ሽቦ የሚያገናኘውን ክሊፕ በፒንሳ ነከሰው፤ በናስትሮ ጠቀለለው። የድንገተኛውን ማብሪያ ስትጫነው ጋራዡ በቀይ ብርሃን ተጥለቀለቀ።

«እጅህ ይባረክ!» አለችና ፈገግ አለች።

በሕጉ መሠረት የሚፈተሹ ሃያ ሦስት ማብሪያዎች ይቀሩ ነበር። ፊውዝ ግን እንኳን ማብሪያ የአባቱን ስም ጠፍቶበት ቁልፉን አቀበላት።

በማግሥቱ አሥር ሰዓት ላይ ቁጥር ሦስት ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ማዕዘን ደረሰች። ሳይረኗ ዝም ብሏል። ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ሁለቱ መብራቶች ቀይ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ አሉና ወደ ግራ ታጥፋ ሄደች። ፊውዝ የያዘው ፒንሳ እግሩ ላይ ወደቀ፤ አላመመውም። ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስም። አርብ ጸጉሩን ተቆርጦ፣ ቱታውን አሳጥቦ፣ ደጃፉ ላይ እንደ ሐውልት ቆመ። እጁን አወዛወዘ። ከመስታወቱ ኋላ እሷም አወዛወዘች።

«አንተ፣ የዚች አምቡላንስ በሽተኛ አንተ ነህ እንዴ?» አለች እትዬ።

«ሰላምታ ነው እትዬ። በመብራት።»

«በመንግሥት መብራት?»

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ፊውዝ በልቡ አግብቶ፣ ወልዶ፣ የልጁን ትምህርት ቤት ሲመርጥ፣ ልጅቷ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በእግሯ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

«ምን አድርገህብኝ ነው?»

«ምን አደረግሁ?»

ወረቀት ዘረጋችለት። «ጥሪ ሳይኖር የድንገተኛ መብራት እያበራሽ ሰው ታዋክቢያለሽ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛዬ ነው። መንገድ ሲለቅልኝ ቦይ የገባም አለ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ኃላፊው ጠርቶኛል፤ መንዳቱን ሊነጥቀኝ ነው። እኔ ደግሞ ማብሪያውን በጣቴ አልነካሁትም! ከመሪው ኋላ ሆኜ መብራቱ አይታየኝም።»

«አልነካሽውም?» የፊውዝ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። «ለእኔ… ሰላም ለማለት አልነበረም?»

ልጅቷ ወረቀቱን እያጠፈች አየችው። ፊውዝ የጋራዡን የዘይት ጉድጓድ ተመለከተ፤ ሰው ይይዝ እንደሆነ ለመገመት።

«መቼ ነው የሚበራው?» አለ በመጨረሻ።

«እዚሁ ማዕዘን ላይ ነው አሉ። ስታጠፍ።»

ፍሬቻ! ሳቁ፣ ክሊፑ፣ ሃያ ሦስቱ ማብሪያዎች ተራ በተራ ፊቱ ላይ ድቅን አሉ። እትዬ በእጅጌው ስባ ወደ መጋዘኑ አስገባችው።

«እርጥበት ገብቶት ነው በል። ስድስት አምቡላንስ ደጃችን ደርሷል። ይህን ስህተት ሌላ ጋራዥ ከሰማ እስክትሸብት ይስቅብሃል።»

«እርጥበት ካልኩ እኮ፣ መኪናዋን በውኃ ነክራ ነው ይባላል። ጥፋቱ ተመልሶ እሷ ላይ ይወድቃል።»

«ውድቀትህን አየሁት!»

«በፍቅር ከወደቅሁ እኮ ሁለት ሳምንቴ ነው እትዬ» አለና የዕቃ ሳጥኑን አንሥቶ ልጅቷን ወደ አምቡላንሶቹ ግቢ ተከተላት።

የስምሪት ኃላፊው መነጽሩ ከፊቱ የሚሰፋ ቀጭን ሰውዬ ነበር። ስድስቱ ሾፌሮች ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ያያሉ። ፊውዝ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጥ ከቁጥር ሦስት መሪ ሥር ገባና ናስትሮውን ላጠው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። ክሊፑ ሁለት ሽቦ ነው የነከሰው። የግራ ፍሬቻ ባበራች ቁጥር የድንገተኛው መብራት አብሮ ይበራል።» ፍሬቻውን አበራ። ቀዩ ብርሃን ግቢውን ሞላው።

«ሳትፈትሽ ነው የሰጠሃት?»

«ሳልፈትሽ።»

«ለምን?»

ፊውዝ ለመዋሸት ፈለገ፤ በዚያች ቅጽበት ግን አንድም ውሸት አልመጣለትም።

«ፈገግ አለችብኝ።»

ከሾፌሮቹ አንዱ በሳቅ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ከዚያ ማስጠንቀቂያውን ሁለት ቦታ ቀደደው።

«እሷ ትነዳለች። ስድስቱን መኪና ግን ለአንተ አልሰጥም። ዛሬ ፈገግ ብትል መብራት አበላሸህ፤ ነገ ብትስቅልህ ፍሬን ትቆርጣለህ።»

«ልክ ነዎት ጋሼ።»

«ቆይ» አለ ኃላፊው ወደ ልጅቷ ዞሮ። «አንድ ነገር አልገባኝም። ከሆስፒታሉ እዚህ ድረስ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። እዚያ ጋራዥ ማዕዘን ድረስ ዞረሽ ወደ ግራ የምትታጠፊው ለምንድን ነው? ሁለት ኪሎ ሜትር ይጨምራል!»

ልጅቷ እርሳሱን ከጸጉሯ መዘዘች፤ መልሳ ሰካችው፤ እንደገና መዘዘችው።

«መንገዱ… ጥሩ ነው» አለች።

«የቱ? ያ ጉድጓዳሙ?»

የልጅቷ ጆሮ ከማስጠንቀቂያው መብራት በላይ ቀልቶ ነበር። ፊውዝ ሽቦውን እንደያዘ ቀና አለ። መብራቱ የእሱ ስህተት ነበር፤ መታጠፉ ግን የእሷ ነበር፤ ስህተትም አልነበረም።

«ከነገ ጀምሮ በቀጥታው መንገድ!» አለ ኃላፊው፤ ፈገግታውን ለመደበቅ ጀርባውን እየሰጠ።

ፊውዝ ሽቦውን ለይቶ አሰረ፤ ሃያ አራቱንም ማብሪያ፣ አንድ በአንድ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ፈተሸ። ልጅቷ እስከ በሩ ሸኘችው።

«እንግዲህ አላይሽም ማለት ነው» አላት። «በቀጥታው ታዘሻል።»

«የታዘዘችው አምቡላንሷ ናት» አለችው። «እኔ እግር አለኝ።»

በማግሥቱ ከተማዋ በጉም ተውጣ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጅቷ ጋራዡ በር ላይ ብቅ አለች። ፊውዝ፣ ያ ወሬው ከትከሻው የሰፋው ሰው፣ ወሬውን ትቶ የጋራዡን መብራት ሁሉ አንድ በአንድ አበራላት። እትዬ ከባንኮኒው ኋላ ወጣች፤ ወንበር ጎትታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች።

«ተቀመጪ የኔ ልጅ። ስድስት አምቡላንስ ያስከፈለችንን ልጅ ቀረብ ብዬ ልይ።»

ልጅቷ እየሳቀች ተቀመጠች። እትዬ ከእግር እስከ ራሷ፣ ደግሞም ከራስ እስከ እግሯ አየቻት። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ዋጋው አልተወደደም» አለችው።