ባዶው የትምባሆ ቆርቆሮ

ወንድሜ ሆሊስ የተገኘው ግንባሩን በጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ደፍቶ፣ በቀኝ እጁ ሁለት ካርታ እንደሸፈነ ነው። ከኋላው በምድጃ መቆስቆሻ ብረት ተመትቷል። ያን ቀን ከሰዓት ሉበክን የአቧራ ማዕበል ውጧት ስለነበር ሚስቱ ጆሊን ከከተማ ተመልሳ የቤቷን በር ያገኘችው በዳሰሳ ነው። መብራት ጠፍቷል። ሻሿን እየፈታች «እንዴት በጨለማ ትቀመጣለህ?» አለችው። ስለ መንገዱም አወራችለት። ፋኖሱን ስትለኩስ ነው ያየችው።

ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ሰው የሚሆን ጨዋታ ተዘርግቷል። በሆሊስ ፊትና በባዶው ወንበር ፊት ቁማርተኞች የሚወራረዱባቸው ክብ ጠጠሮች ተደርድረዋል፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ጨዋታው በገፋ ቁጥር የሚጨምረውን፣ ተጫዋቹ የግድ የሚያስይዘውን መደብ በየረድፉ ያሳያል፤ የመጨረሻው ረድፍ በጠመኔ ተከቧል። ከባዶው ወንበር ፊት የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ተበትኗል።

ሱፍ የሚቆረጥመው ማን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ልጄ ሌስተር ነው። ሆሊስ ለላስ ቬጋሱ የፖከር ውድድር ሲያሠለጥነው ከርሟል፤ በዚያ ሰሌዳና በዚያ ጠረጴዛ ላይ። ሸሪፉ ሊያስረው ተነሣ። በቴክሳስ የእንዲህ ያለ ነገር መጨረሻ የሞት መርፌ ነው። «ትንሽ ቆይ» ያለችው መርማሪዋ ኦፔል ግሪር ብቻ ነበረች፤ ጫማዋን በር ላይ አራግፋ የምትገባ፣ ጠይቃ ዝም የምትል አጭር ሴት።

መጀመሪያ ወደ እኛ ቤት መጣች። ሌስተር ከፊቷ ተቀመጠ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የታጠበ ሳህን አጥባለሁ።

«አጎትህ ጋ መቼ ነበርክ?»

«ጠዋት ነው፣ እመቤቴ። ማዕበሉ ሳይመጣ የጣራውን ቆርቆሮ ላስርለት ሄጄ፣ ምሳ ሳይደርስ ወጣሁ። ካርታ አልነካንም።»

«ቅርፊቱስ?»

«የኔ ይሆናል። እዚያ ቤት ያለ ቆሻሻ መጣያ ሁሉ በኔ ቅርፊት የተሞላ ነው። ጆሊን ሁልጊዜ ትሰድበኛለች።»

«እኔ ካርታ አላውቅም» አለች ኦፔል። «ውድድር ከተራው ጨዋታ በምን ይለያል?»

«በተራው ጨዋታ ጠጠሩ ገንዘብ ነው። መደቡ አይጨምርም፤ ጥሩ ካርታ እስኪመጣልዎ ቁጭ ይላሉ። ካለቀብዎ ሌላ ይገዛሉ፤ ከሰለቸዎት ይነሣሉ። የሚፈልገው ትዕግሥት ነው። በውድድር ግን አንዴ የተሰጠዎት ነው፤ ካለቀ አለቀ። መደቡ እየከበደ ስለሚሄድ ዝም ያለ ሰው ያልቃል። በመጥፎ ካርታም መድፈር አለብዎት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፈራውን ሰው መለየት አለብዎት።»

«እንዴት ይለያል?»

«እጁ ይከብዳል። ጠጠር ሲያነሣ ድንጋይ የሚያነሣ ይመስላል። አጎቴ ያስተማረኝ ያንን ማየት ነው።»

እኔ እጄን ከውሃው አላወጣሁም። ዞሬ የልጄን እጅ ለማየት ፈራሁ።

ኋላ እንደሰማሁት ኦፔል ከዚያ ወደ ዊልበርት ሄደች። ዊልበርትና ሆሊስ ከወጣትነታቸው ጀምረው ከከተማ ከተማ እየዞሩ በቁማር የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ በረዥሙ የአውራ ጣቱ ጥፍር የወንበሩን ቀለም እየፋቀ ጠበቃት።

«ልጁን አላሰራችሁትም እንዴ?»

«ገና ነው። ውድድር ይጫወታሉ?»

ሳቀ። «ውድድር ለሕፃናት ነው፣ የኔ እመቤት። የውሸት ጠጠር ይዞ፣ ሰዓት እያባረረህ መሮጥ። እኔ ሰውን ተቀምጬ ነው የማጠናው። ቀስ ብዬ፣ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠርኩ። ሆሊስ ያንን ሰሌዳ ሲያወጣ እኔ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላየሁላቸውም።»

«ሆሊስ በሞተበት ቀን የት ነበሩ?»

«ወደ አማሪሎ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ። አቧራው ሲመጣ መኪናዬን አቁሜ ተኛሁ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«በዚያ አቧራ? እኔም ራሴን አላየሁት።»

«ከሆሊስ ጋር ቅያሜ ነበራችሁ?»

«ከሚስቶቼ ሁሉ ይልቅ ከሱ ጋር ነው የኖርኩት» አለና ጥፍሩን ከእንጨቱ ላይ አነሣ። «ለምን እቀየመዋለሁ?»

ጆሊን በሯን የከፈተችው ኦፔል ሦስት ጊዜ የራሷን ስም ከተናገረች በኋላ ነው። ከውስጥ ወንበር ደግፋበት ነበር።

«ማንን ፈርተሽ ነው?»

«ትናንት ዊልበርት መጥቶ እዚያ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። አልወረደም፤ ጥሩንባም አላሰማ። ቤቱን ብቻ እያየ ቆየ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሆሊስ ቅዳሜ ተጫዋቾቹን ሁሉ ሊሰበስብ ነበር። የምነግራቸው ነገር አለኝ ይል ነበር። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው ‹መጀመሪያ ለራሱ ለባለጉዳዩ ልንገረው፤ የነውር ነገር ነው› አለኝ።»

ኦፔል ወደ ጠረጴዛው ወሰደቻት። «ልማዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ምን ይታይሻል?»

ጆሊን ጠረጴዛውን አየች፤ ሰሌዳውን አየች። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አሮጌ የትምባሆ ቆርቆሮ አውርዳ ነቀነቀችው። ምንም አልጮኸም። መስኮቱን ዞራ አየች። ኦፔል ቆርቆሮውን ተቀበለቻትና ሹክሹክታዋን አዳመጠች።

በማግስቱ ሁላችንም፣ ዊልበርትም ጭምር፣ ሆሊስ የተገደለበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ነፋሱ እንደገና ተነሥቶ የጣራውን ቆርቆሮ ያንቋቋል፤ ሌስተር ያሰረው ጥግ ግን አይንቀሳቀስም። ሸሪፉ በሩ ላይ ቆመ። እኔ የልጄን እጅጌ ይዤ ነበር፤ የያዝኩት እንዳይወስዱት ይሁን እንዳይሸሽ አላውቅም።

«ጠረጴዛው እንደተገኘ ነው» አለች ኦፔል። «ጨዋታው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ደርሷል ይላል ሰሌዳው። ሁለት ሰዎች እዚያ ለመድረስ ከጠዋት እስከ ከሰዓት መቀመጥ አለባቸው። ይህን ያዘጋጀው ሰው ሌስተር፣ ሆሊስ እስከሞተበት ሰዓት ድረስ እዚህ ነበር እንድንል ይፈልጋል።»

«ነበራ» አለ ዊልበርት። «ቅርፊቱን አላየሽውም?»

«አይቻለሁ። ከሥሩ ግን የሲጋራ አመድ ነበረበት፤ ሌስተር ደግሞ አያጨስም። ቅርፊቱ የመጣው ከመጣያው ነው። ይሄ ግን ትንሹ ነገር ነው።» ከፊቷ አንድ ቀይ ጠጠር አነሣች። «ሌስተር፣ ይህ ስንት ያወጣል?»

«ሃያ አምስት። ትንሹ ነው።» ልጄ ጠረጴዛውን አሁን ገና በደንብ አየው። «ምን ይሠራል እዚህ?»

«ጆሊን፣ ንገሪያቸው።»

ጆሊን ወደ ዊልበርት ሳታይ ተናገረች። «መደቡ ሲጨምር ቀዮቹ ጥቅም የላቸውም። በውድድር ከጠረጴዛው ይነሣሉ፤ በትልልቆች ይለወጣሉ። ሆሊስ እኔን ይጠራኝና እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንኳ አንድ ቀይ አይቀርም።»

«ቆርቆሮው ግን ባዶ ነበር» አለች ኦፔል። «ቀዮቹ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሌስተር ይህን አይሳሳትም፤ ጆሊንም አትሳሳትም። የሚሳሳተው ትንሹ ጠጠር ከጠረጴዛ ተነሥቶ የማያውቅበትን ጨዋታ ብቻ የተጫወተ ሰው ነው። ሰሌዳው በወጣ ቁጥር ባርኔጣውን አንሥቶ የሚሄድ ሰው።»

ኦፔል ጠጠሩን መልሳ አስቀመጠች።

«በሆሊስ ጃኬት ኪስ ውስጥ ከመጨረሻው ጨዋታችሁ የወሰዳቸው ካርታዎች ነበሩ፣ ዊልበርት። ጥጋቸው ለማጭበርበር በጥፍር ተጭሯል፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ቅዳሜ ሊናገረው የነበረው እሱን ነው። ሰውየው ግን ጓደኛው ስለሆነ አስቀድሞ ለብቻው ጠራው።»

ዊልበርት አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ደበቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አንሥቶ ሊነሣ ተነቃነቀ።

«ይቀመጡ» አለች ኦፔል በለሰለሰ ድምፅ። «ይሄኛው እንደፈለጉ የሚነሡበት አይደለም።»

ተቀመጠ። «ለመንኩት» አለ ቀዮቹን ጠጠሮች እያየ። «ከዚህ እስከ ሉዊዚያና የቁማር ወንበር የሚሰጠኝ አይኖርም አልኩት። እሱ ካርታ እያደለ ‹ዊልቢ፣ ራስህ ብትነግራቸው ይሻላል› ይለኛል። ካርታ እያደለ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።»

ሸሪፉ ይዞት ሲወጣ ጆሊን ወንበሩን መልሳ በሩን ልትደግፍ ሄደች። መሃል ላይ አስታወሰችና ተወችው።

«ፎቶው ተነሥቷል፤ ጠጠሮቹን ማንሣት ትችላላችሁ» አለችን ኦፔል፤ ባርኔጣዋን አድርጋ ወጣች።

ሌስተር በአጎቱ ወንበር ተቀመጠ። ቆርቆሮውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ቀዮቹን አንድ በአንድ እያነሣ ይጥላቸው ጀመር። ያን ጊዜ የልጄን እጅ ቀና ብዬ አየሁት። አልከበደም።