ፀደይ ያላቋረጠችው ንግግር

ፀደይና አረጋ የተዋወቁት ከብልባላ ወደ ላሊበላ በምትሄድ አይሱዙ ላይ ነው። እሷ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ እሱ የበቅሎውን ኮርቻ ለማሠራት። አረጋ እንግዶችን በበቅሎ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እያደረሰ የሚኖር ወጣት ነው። ምላሱ ይያዛል። ስሟን ሊጠይቃት ፈልጎ ቃሉ እምቢ ሲለው ተሳፋሪው ፊቱን አዞረ፤ እሷ ግን ዓይን ዓይኑን እያየች እስኪጨርስ ጠበቀችው።

ፍቅራቸው ከዚያ ቀን ጀመረ።

ደሴ ኮሌጅ ገብታ የንግግር ተግባቦት ልታጠና መሆኑን ስትናገር አባቷ አቶ ምስጋኑ አጉረመረሙ። «አፍ ያለው ሁሉ ይናገር የለ? ለመናገር ኮሌጅ ምን ያደርጋል?»

«ያ... ያስፈልጋል፣ ጋሼ» አላቸው አብሯቸው የተቀመጠው አረጋ። «እኔን ይዩኝ።»

በሁለተኛ ዓመቷ መምህሩ ተማሪዎቹን፣ የምታውቁትን ሰው በአድማጭ ፊት ሕያው አድርጋችሁ አሳዩ አላቸው። ፀደይ አረጋን መረጠች። ስሙን አልጠራችም። በቅሎውን ሲያባብል፣ እንግዳ ሲቀበል፣ «እወድሻለሁ» ለማለት ሲታገል አስመስላ ተናገረች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

መሐል ላይ በሩ አጠገብ አየችው። ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ፣ ሊያስደስታት ብሎ ሳይነግራት የመጣ ነው። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ማቆም ትችል ነበር። አላቆመችም። ጨርሳ፣ ተጨብጭቦላት ስትወጣ አረጋ ሄዷል። ጥበቃው ዘንድ የተወላትን ማር ተቀብላ ከግቢው አጥር ሥር ተቀመጠች። ከክፍሉ አንደኛ የወጣችው በዚያ ንግግር ነው። ደጋግማ ደወለችለት፤ አላነሳም።

ከምረቃ በኋላ አንዷ ጓደኛዋ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ሌላዋ ሆቴል ተቀጠሩ። ፀደይ ላሊበላ ውስጥ የአንድ አስጎብኚዎች ማኅበር አሠልጣኝ ሆነች። ለቃለ መጠይቅ ከቀረቡት አሥራ አንድ ሰዎች እሷን የለያት አነጋገሯ ነው። አባቷ በየሰንበቴው «ልጄ በአንደበቷ እንጀራ በላች» ሲሉ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመኛለች።

በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን አረጋን ከሠልጣኞቹ ጋር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በሁሉም ፊት ይቅርታ ልትጠይቀው አፏን ከፈተች። ያን ብታደርግ ገመናውን ደግሞ ሰው ፊት ማውጣቷ መሆኑ ገባትና ተወችው። ሲወጡ በቅሎውን ካሰረበት ተከትላው ሄደች።

«አረጋ፣ ስለዚያ ቀን...»

«ይቅርታውን ከሰጠሁሽ ቆየሁ። የንስሐ አባቴ አ... አስገድደውኝ» አላት ልጓሙን እያስተካከለ። «ያመመኝ ሳቁ አይደለም። ሰው ይስቃል። በጣም ነው እኔን የመሰልሽው። ለካስ ስትሰሚኝ የኖርሽው ል... ልትቀጂኝ ነው አልሁ።»

ፀደይ የኮርቻውን ጠርዝ ያዘች።

«መጀመሪያ እንደዚያ አልነበረም» አለች። «በኋላ ግን ምን እንደሆንሁ አላውቅም። አየሁህ እኮ። አይቼህ ነው የቀጠልሁት።»

«አውቃለሁ» አለና በቅሎውን ስቦ ሄደ።

በማግሥቱም መጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥልጠናው በቀር አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። በመጨረሻው ቀን ሠልጣኙ ሁሉ ተራ በተራ ሰው ፊት ቆሞ ተናገረ። አረጋ አንድ ቃል ላይ ሲያዝ ከፊት የተቀመጠ አንዱ ሳቁን አፈነ። የፀደይ ፊት ጋለ። ቃሉን ታውቀዋለች፤ አልነጠቀችውም። ራሱ አወጣው፤ ንግግሩንም ጨረሰ።

ሲወጣ አጠገቧ ቆመ።

«ቅዳሜ ብልባላ እሄዳለሁ። እናቴ ለምን እንደተለያየን አታውቅም። መ... መጥተሽ ንገሪያት።»

ፀደይ አንገቷን ደፋች። እንደ ልጃቸው ያዩዋት የነበሩት የአረጋ እናት፣ እትዬ ገለቴ፣ ፊታቸው ድቅን አለባት።

«እነግራቸዋለሁ። በምን እንደምጀምር ግን አላውቅም።»

«ካቃተሽ እኔ እነግራታለሁ» አላት። «እስከ ማ... ማታ እጨርሰዋለሁ።»

ፀደይ መሳቅ ፈራች። አረጋ ግን እሷን እያየ ሳቀ።

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። የተናገረችው እሷ ናት፤ ሳታሳምር፣ ሳትደብቅ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። እትዬ ገለቴ ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ ተነስተው በአንድ ትሪ የሦስት ሰው ምሳ አቀረቡ።