ሰባት ቤት ስንት ሰዓት ያስኬዳል

«እንደ ሰዉ ሁሉ ከጎንደር ሙሽራ ልታመጣ ነዋ» አለች ኢናቭ፣ ስልኩን እየመለሰችለት።

ኔታኔል ስልኩን የሰጣት የአውቶቡሱን ሰዓት እንድታይለት ነበር። ማዕከላዊ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሷ ግን ያየችው የአውሮፕላን ቲኬት ነው፤ ከቴል አቪቭ አዲስ አበባ አራት ሰዓት፣ ከዚያ ጎንደር አንድ ሰዓት ከምናምን። ላንድ ሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየባሕሩ ዳርቻ ያንሸራሸራት ልጅ፣ ትንፍሽ ሳይል ላንድ ሰው ቆርጧል።

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ዓይኑን ወደ ጫማው ሲጥል የኢናቭ ንዴት ወደ ፍርሃት ዞረ።

«አባቶቻችን ዘር ቆጥረዋል» አለ ቀስ ብሎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንደሌለ መጣራት አለበት። የሱ አባት ጋሼ ጎበዜና የሷ አባት ጋሼ ታፈረ ባለፈው ሰንበት ተቀምጠው ቅድመ አያቶቻቸውን ሲቆጥሩ፣ አምስተኛው ላይ ሁለቱም አንድ ስም ጠሩ፤ አጥናፉ። ሁለቱም የወገራ ሰው። አንድ ሰው ከሆነ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፤ ጋብቻ ብሎ ነገር የለም። እውነቱን የሚያውቁት ጎንደር የቀሩት እማማ ዘርትሁን ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ፊቱን ላላዩት ሰው ዘር አይቆጥሩም። በስልክማ ጨርሶ።

«አንድ ሰው ቢሆንስ?»

«አራት ሰዓት እኮ ነው። ሄጄ ልምጣ።»

«ሰዓቱን አልጠየቅኩህም።»

አውቶቡሱ መጣ። ሁለቱም አልተነሱም።

ማክሰኞ በረረ። ኢናቭ በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት አንዷን አሮጊት ሁለቴ ቁርስ አበላቻት፤ አሮጊቷም አልተቃወመችም። ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው፤ ትንሿ አውሮፕላን ቀይ ባሕርን ይዛ ትንፏቀቃለች። አባቷ ወደ እስራኤል ለመምጣት ከጎንደር አዲስ አበባ በእግራቸው የተጓዙትን ሲያወሩ ታዛጋ የነበረች ልጅ፣ ዛሬ አራት ሰዓት አልገፋ አላት።

ረቡዕ ዝም። ሐሙስ አንድ መልእክት፤ «እየመጣሁ ነው። መጀመሪያ ለአባትሽ ልንገራቸው።» የምሥራች እንዲህ ይጻፋል? መርዶስ?

ዓርብ ረፋድ ላይ ሻንጣውን እየጎተተ እነኢናቭ ቤት ገባ። እናቷ እትዬ ዘርፈሽ ያቀረቡለትን ውኃ አልነካም። ኢናቭ ፊቱን ለማንበብ ደጋግማ አየችው፤ እሱ ግን ወደሷ አልዞረም።

«ጋሼ ታፈረ» አለ እንደቆመ፣ «አጥናፉ ሁለት ናቸው። የኛው ቀጥቃጭ፣ የናንተው ሸማኔ። አንድ ወንዝ ጠጡ እንጂ አንድ ጡት አልጠቡም ብለዋል እማማ።»

ኢናቭ ግድግዳውን ተደገፈች። ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያያት። አራት ቀን ሙሉ ያላየውን ሁሉ ባንዴ ሊያይ የፈለገ ይመስል፣ የአባቷን መኖር ረሳ።

ጋሼ ታፈረ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉና መልሰው አደረጉ።

«በሴደር፣ ይሁን» አሉ። «ያባት ወገን ይኸው ተጣራ። የእናትህንስ ማን ቆጠረው?»