ከፓውዛው ጀርባ ያለው ኮከብ

መጀመሪያ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም፣ ማለቂያ የሌለው «እምምም» ተከተለ።

ልጅቷ ዐይኖቿን በሁለት መዳፎቿ ሸፍና ነበር የተቀመጠችው። ዐይን ጨለማን እስኪለምድ ጊዜ እንደሚፈልግ አንብባለች። ስለዚህ ፀሐይ ከገባች ጀምሮ እንዲህ ጨፍና ጨለማ ስታጠራቅም ቆይታለች። ድምፁን ስትሰማ ያጠራቀመችው ሁሉ እንዳለቀ ገባት። በጣቶቿ መሃል ነጭ ብርሃን ሾልኮ ገባ።

«በቃ ግለጪው፤ በሩልሽ» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ።

ገለጠችው። ከመንገዱ ማዶ፣ የጭነት መኪናዎች ማቆሚያ ግቢ ውስጥ፣ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የተሰቀሉት ፓውዛዎች አፍጥጠዋል። ከነሱ በላይ በስተሰሜን ያለው ሰማይ ውሃ የበዛበት ወተት መስሏል። ዝቅ ብሎ የተኛው ደመና ከሥሩ እየበራ ሌላ ጣሪያ ሆኖባቸዋል።

ሁለቱም የሚኖሩት እዚሁ ፎቅ ላይ ነው። የሚቀመጡት ደግሞ ጣሪያው ላይ፣ በውሃ ታንከሩና በልብስ ማስጫው ሽቦ መሃል ነው። ልጅቷን ክፍል ውስጥ «ቀጭኔ» ይሏታል፤ አንገቷ ረዝሞ ሳይሆን ሁልጊዜ ሰቅላው ስለምትሄድ። አንድ ቀን እንዲሁ እንዳንጋጠጠች ስትራመድ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ከነወንበሩ ገልብጣዋለች። ጓደኛዋ ደግሞ «ቻርጀር» ናት። ስልኳ ጠዋት ሞልቶ ረፋድ ላይ ስለሚዘጋ ቻርጀር ያልለመነችው ሰው የለም።

የሳይንስ ክበቡን የሚመራው ወጣት የፊዚክስ መምህር የሰጣቸው ሥራ ሲሰሙት ቀላል ነበር። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ የሰሜን ኮከብን ፈልጉ፤ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለ በዲግሪ ለኩ። መሣሪያው ፕሮትራክተር፣ የእስክሪብቶ ቀፎና ክር ነው። በክሩ ጫፍ የሚንጠለጠለውን ብሎን ቀጭኔ ከአባቷ የዕቃ ሳጥን ወሰደች። ሥራው ከሁሉም ይበልጥ የተሳካለት አንድ ጥንድ ከመምህሩ ጋር ወደ ተራራው ይሄዳል። እዚያ ትልቅ ቴሌስኮፕ ያለው የከዋክብት መመልከቻ አለ።

ቀጭኔን ግን እንቅልፍ የነሳት ቴሌስኮፑ አይደለም። በሕይወቷ ጥቁር ሰማይ አይታ አታውቅም። ከጣሪያቸው ላይ፣ በጣም ጥሩ በሚባል ምሽት እንኳ፣ የሚታዩትን ከዋክብት ለመቁጠር ጣቶቿ ይተርፏታል። «ተራራው ላይ ግን» ብሏቸው ነበር መምህሩ፣ «ከብዛታቸው የተነሳ የምታውቁትም ይጠፋባችኋል።» ስትተኛ ይህን ለራሷ ትደግመዋለች። የሚያውቁት ኮከብ እስኪጠፋ ድረስ ከዋክብት ሲበዙ ምን ይመስል ይሆን?

የመጀመሪያ ሥራቸውን ያቀረቡ ቀን ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ያገኙት አሮጌ መጽሐፍ ላይ፣ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰውዬ በረዶ ላይ ቆሞ የሰሜን ኮከብን በጣቱ ያሳያል። ጣቱ የሚያመለክተው ከሰማዩ እኩሌታም ከፍ ያለ ቦታ ነው። እነሱም እንደ ሰውዬው ወደ ሰሜን ዞሩ፣ እንደ ሰውዬው አንጋጠጡ፣ እዚያው ከፍታ ላይ አንድ ደማቅ ኮከብ አገኙ። ቻርጀር ጣሪያው ላይ ዘለለች። ሃምሳ ሁለት ዲግሪ!

መምህሩ ወረቀቱን አየ፤ እነሱን አየ፤ በመስኮቱ ደግሞ ፀሐዩን አየ።

«ልጆች፣ ይሄ ልክ ከሆነ ጃኬት ደርቡ። በረዶ ሊጥልብን ነው።»

ሳቁ ጋብ ሲል አስረዳቸው። የሰሜን ኮከብ ከፍታና የቆሙበት ቦታ ኬክሮስ እኩል ናቸው። ወደ ሰሜን ዋልታ በተጠጉ ቁጥር ኮከቡ ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ ምድር ወገብ በወረዱ ቁጥር አብሮ ይወርዳል። ክንዱን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ እጁን ጨበጠ። «ለእኛ ከአድማስ አንዲት ጭብጥ ያህል ነው ከፍታው። ደግሞ ደማቅ ነው የሚባለው ወሬ ነው። የሚታወቀው ከቦታው ባለመነቃነቁ ነው። የናንተ ኮከብ ትንሽ ብትጠብቁት ኖሮ ጥሏችሁ ይሄድ ነበር።»

ከዚያ አዘነላቸውና እስከ መጨረሻው ማቅረቢያ ቀን ጊዜ ሰጣቸው።

አንዲት ጭብጥ። ቀጭኔ ያን ዕለት ማታ ጣሪያው ላይ ቆማ ክንዷን ወደ ሰሜን ዘረጋች። ጭብጧ ፓውዛዎቹ ላይ ልክ ተቀመጠ። ለበረዶው ሰውዬ ኮከቡ ከጭሱም ከመብራቱም በላይ ተሰቅሎለታል። ለእሷ ግን ደመናው፣ የከተማው አቧራ፣ የመኪናው ጭስና መብራቱ የሚጋፉበት ቦታ ላይ ወርዶ ተቀምጧል። በማን ትናደድ? በመሬት ክብነት? በከተማው ሰሜን ዳርቻ የሚኖሩ የክበቡ ልጆች በደመናው ቀዳዳ አይተው ለክተዋል። እሷንና ቻርጀርን ግን በምሽት እዚያ ድረስ ማን ይለቃቸዋል?

«ስሚኝማ» አለች አሁን ቻርጀር፣ በፓውዛው ብርሃን ስልኳን እየነካካች። «ስልኬ ያለንበትን ኬክሮስ ይነግረኛል። ኬክሮሱና ከፍታው እኩል ነው ተብለናል። በቃ፣ እሱን ጽፈን መስጠት ነው።»

«አላየነውማ።»

«ቁጥሩ ልክ ነው እኮ! ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

ቀጭኔ ውሸቱ የቱ ጋ እንዳለ አላወቀችም፤ እንዳለ ግን ታውቃለች።

«አታካብጂ እንጂ» አለች ቻርጀር። «ኮከቡ አልታይም ካለ እኛ ምን እናድርገው? እንለምነው?»

«ትንሽ እንጠብቅ። አባዬን ላናግረው።»

አባቷ የመኪና ማቆሚያው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ፓውዛዎቹን አንድ በአንድ የሰቀላቸውም እሱ ነው። የሰቀላቸው ሰሞን ቤተሰቡን መስኮት ላይ ሰብስቦ «እዩልኝ፣ ቀን አደረግነው!» ሲል ቀጭኔም አጨብጭባለች።

«አባዬ፣ ፓውዛዎቹን ለትንሽ ጊዜ ብታጠፋቸው ምን ይሆናል?» አለችው በማግስቱ፣ የተቃጠለ ምድጃ ፈታትቶ ሲጠግን።

«ካሜራው አያይም።»

«ካሜራው ባያይስ?»

«ካሜራው ካላየ አለቃዬ ያየኛላ!» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው። ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ከአንድ መኪና ላይ ጎማ ተሰርቋል። አለቃው ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ግቢው ሁለተኛ ከጨለመ መጀመሪያ የሚባረረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሆኑን ተናግሯል። «ሌላ ነገር ጠይቂኝ፣ የኔ ልጅ። የምችለውን።»

ምን እንደፈለገች ግን አስነገራት። ነገረችው፤ ስለ ጭብጧም፣ ስለ ተራራውም። መፍቻውን እንደያዘ እስከ መጨረሻው ሰማት።

ጠበቁ። ሰማዩ ቀን ቀን ተገልጦ ይውልና ፀሐይ ስትገባ ይከደናል። አንዳንዴ ዝናቡ የሚጀምረው እነሱ የጣሪያውን በር ሲከፍቱ ነው፤ ቻርጀር «ሙድ እየያዘብን ነው» ትላለች ወደ ላይ እያየች። አንድ ምሽት ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ። ሌላው ሰው ሲራገም ቀጭኔ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ጣሪያው ላይ ስትደርስ የግቢው ጄኔሬተር አገሳ፤ በጨለመው ከተማ መሃል ፓውዛዎቹ ብቻቸውን በሩ። እንዲያ ሆነው ከወትሮው ይበልጥ የደመቁ መሰላት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ማንም ሳያያት ፊቷን ጠርጋ ወረደች።

በማቅረቢያው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ አባራ። አቧራው ታጥቦ፣ ደመናው ተጠርጎ፣ ሰማዩ እንደ ተወለወለ መስታወት ጠራ። ከራሳቸው በላይና በስተደቡብ አይተዋቸው የማያውቁ ከዋክብት ሁሉ ወጥተዋል። ቀጭኔ የእስክሪብቶውን ቀፎ ወደ ሰሜን ደግና ትንፋሿን ያዘች። ብርሃን። ብርሃን ብቻ። ዐይኗ እስኪያነባ ፈለገች።

«ቆይ! ቆይ፣ አንዲት ነጥብ…»

«የታለ? የታለ?»

ነጥቧ ወደ ጎን ሄደች፤ ተመለሰች፤ ፓውዛውን ዞረች።

«የእሳት ራት ነው» አለች ቀጭኔ።

ቻርጀር እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም። ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። «እኔም መሄድ እፈልጋለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ብቻ የምትፈልጊ ይመስልሻል። የትም ሄጄ አላውቅም እኔ።» ከዚያ ተነስታ ልብሷን አራገፈች። «ቁጥሩን እጽፈዋለሁ።»

ቀጭኔ ዝም አለች። ጓደኛዋ ዝምታውን እንደ እሺታ ወሰደችው። ምናልባትም እሺታ ነበር።

ቤት ስትገባ አባቷ እራት እየበላ ነው። ቀና ብሎ የቀላ ዐይኗን አየ፤ ቀጥሎ በመስኮቱ ሰማዩን አየ።

«ጠርቷል ዛሬ» አለ።

«አዎ።»

«ነገ ነው አይደል የምታቀርቡት?»

«አዎ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ተነሳና ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ፤ የኤሌክትሪክ መሞከሪያ ቴስተሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ደሞ የት ነው? ተረኛ አይደለህ!» አለች እናቷ።

«መጣሁ፤ አንዲት ነገር አይቼ ልመለስ።»

ቀጭኔ ገባት። እግሯ ከአእምሮዋ ቀድሞ ወደ ጣሪያው ሊሮጥ ተነሳ። ግቢው ጭልም ሲል፣ ወተቱ ሰማይ ሲጠቁር፣ ከጭብጧ ጫፍ ላይ አንዲት ነጥብ ብቅ ስትል ታያት። ከነጥቧ ጋር ግን ሠራተኛውን የሚሰበስበው አለቃም መጣባት። አባቷ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነው። የማጅራቱ ፀጉር መሸበቱን ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው።

«አባዬ!»

«ወዬ።»

«አየነው እኮ።»

እጁ ክሩ ላይ ቆመ። «ምኑን?»

«ኮከቡን። አሁን፣ ከቻርጀር ጋር።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«አንገቴን አሞኝ ነው።»

«ቀጭኔ አንገቷን አመማት በሉኛ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ። በጣም ሳቀ፤ ከቀልዱ በላይ ሳቀ። ጃኬቱን መልሶ ሰቀለና እፎይ ብሎ ተቀመጠ። ምን ያህል ፈርቶ እንደነበር ከአተነፋፈሱ አወቀች። «እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ይመስላል?»

«ትንሽዬ ነው» አለች። «ደማቅ አይደለም። ዝቅ ብሎ… ዝም ብሎ ቆሟል። ሌሎቹ ሁሉ ሲዞሩ እሱ አይነቃነቅም።»

«ውይ፣ ሲያስደስት!» አለ አባቷ፣ እንጀራውን እየቆረሰላት። «በይ ብዪ።»

ጎረሰች።

በማግስቱ ክበቡ ሲሰበሰብ ቻርጀር ወረቀቱን ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ስማቸው ጎን ለጎን ተጽፏል። ቁጥሩን ስታነብ ድምጿ ትንሽ ቀጠነ። መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደገና አየው፤ ፊቱ በራ።

«ጎሽ! ከሁሉም ለትክክለኛው የቀረበው ይሄ ነው። ያውም ከዚያ ሰፈር፣ ከፓውዛው ሥር! እኔ ራሴ ከዚያ አካባቢ ሞክሬ አቅቶኛል።» ሁለት ልጆች አጨበጨቡ። «እንዴት አደረጋችሁት? ማን ነው ያየው?»

«ክሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ቲቸር» አለች ቻርጀር። «ያየችው እሷ ናት።»

ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። «ቀጭኔማ ካላየች ማን ሊያይ ነው!» አለ አንዱ፤ ሳቁ። የክፉ ሳቅ አልነበረም።

«እስቲ ንገሪን» አለ መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ። ሊሰማት በእውነት ጓጉቷል። «ምን ይመስላል?»

ቃላቱ ምላሷ ላይ ነበሩ፤ ትናንት ማታ ተናግራቸዋለች። አፏን ከፈተች። ትንሽዬ የሚለው ቃል እንኳ አልወጣላትም። አላየነውም ለማለት ደግሞ ቻርጀርን ማየት ነበረባት። ቻርጀር ሰሌዳው ፊት፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ድረስ ጎትታ በዐይኗ ትለምናታለች።

ቀጭኔ ደብተሮቿን ሰበሰበች። ቦርሳዋን ዘጋች፤ ዚፑ መሃል ላይ ያዘባትና እንደገና ሳበችው። ከዴስኩ ስትወጣ አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ እግሩን ሰበሰበላት።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?» አለ መምህሩ።

በዴስኮቹ መሃል አለፈች። ቻርጀር አጠገብ ስትደርስ አንድ ጊዜ ቀስ አለች፤ ግን አልቆመችም። በሩን ከፍታ ወጣች።