ሦስተኛው ኮፒ

አዛውንቱ ፎቶ አንሺ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳቸው ወድቀው ሲሞቱ ሚስትየው ገበያ ነበሩ። መርማሪው ሲደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል። ሚስትየው የገዙትን ሽንኩርት እንዳቀፉ የባላቸው ሥራ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «እንቅልፌ» ይሉታል፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ግማሹ ክድን ነው። ኮምፒውተሩን አየ፤ የዕድሜ ልክ ፎቶዎች ተደምስሰዋል። ከጎኑ የተሰካው የመጠባበቂያ ዲስክም ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሟች ታናሽ ወንድም በቅርቡ ያሳተመው የፎቶ መጽሐፍ ተገልጧል።

«ጠዋት መጥቼ ነበር» አለ ወንድምየው። «ጋሼ አለቀሰብኝ። ‹ሁሉም ጠፋ፣ አንድም አልቀረልኝ› አለኝ። ምነው ጥዬው ባልሄድኩ!»

«ለፎቶ ብሎ እኔን ጣለኝ ማለት ነው?» አሉ ሚስትየው።

«እትዬ፣ ይህ ዲስክ እንዲህ ተሰክቶ ነው የሚውለው?» አለ እንቅልፌ።

«ኧረ በጭራሽ! ኮፒ ካደረገ በኋላ ነቅሎ ብርድ ልብስ መሃል ይከተዋል። ‹ኮምፒውተሩ ቢታመም ይኼኛውን እንዳያስይዘው› ይላል።»

መርማሪው የሟችን የሥራ ሸሪክ ኮሪደር ላይ አገኘው።

«ብርድ ልብሱ መሃል እንዳለ ማን ያውቃል?»

«ዘመድ ሁሉ! ጋሼ ስለ ኮፒ ምክር ከጀመረ መች ያባራል? አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሁለተኛው ተነቅሎ ብርድ ልብስ ውስጥ... ወንድሙማ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ብድግ ብሎ ይወጣል።» ሳቁ መጣበትና አፈረ።

«ሦስተኛውስ?»

ሸሪኩ ነገረው። የእንቅልፌ ዓይን ሙሉ በሙሉ ተከፈተ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሟች ዲስክ ሰክተው አይተዉም» አለ። «ስለዚህ ያጠፋው ሌላ ሰው ነው። እትዬ ይሆኑ? ሦስተኛው ኮፒ እህታቸው ቤት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ። ሸሪኩ? በየጊዜው እየወሰደ የሚያደርሰው እሱ ነው። ሁለቱም እዚህ ያለውን ብቻ ማጥፋት ከንቱ ድካም መሆኑን አይስቱትም። ሟችም ያውቁ ነበር፤ ሦስተኛው ኮፒ እያለ ‹አንድም አልቀረልኝ› ብለው አያለቅሱም። ያ ወሬ የመጣው ምክሩን እስከ መጨረሻው ካልሰማ ሰው ነው።»

ከእህትየው ቤት ያመጣውን ዲስክ ሰካ። ወንድምየው በስሙ ያሳተመው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ከሥሩ ያለው ቀን እንደሚያሳየው፣ የተነሣው ወንድምየው ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ነው።

«‹ፎቶዎቹን ከኔ እንደሰረቅክ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ› አለኝ» አለ ወንድምየው ወለሉን እያየ። «ለመንኩት። እንቢ ሲለኝ... ገፋሁት። ከዚያ ነው ያጠፋሁት።»

ሲወስዱት ሚስትየው ቀና ብለው አላዩትም።

«እንግዲያው ጥሎኝ አልሄደም?»

«አልሄዱም፣ እትዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባው አሁንም አልመጣም። ሽንኩርቱን ወለሉ ላይ አስቀመጡ፤ ዲስኩን ነቀሉና በፎጣ ጠቅልለው ለሸሪኩ ሰጡት።

እንቅልፌ ማስረጃ ነው ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

«እህቴ ቤት አድርስልኝ» አሉት። «ሁሉም አንድ ቤት አይደር ይላል።»